ከመሰበሩ በፊት የሚታጠፍ ብረት

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ አጭር ርቀት ውስጥ ብረት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ላይ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎቹን አዳራሾች፣ በደሴ መንገድ ግራና ቀኝ የሚያድጉትን ፎቆች ተሸክሞ የቆመው ብረት ነው፤ አንዱ ጋ በግልጽ የሚታይ ቋሚና ካፕሪያታ፣ ሌላው ጋ በአርማታ ውስጥ የተቀበረ ፌሮ። ወደ አንኮበር ሲዘለቅ ደግሞ ያው ብረት ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድና ዶማ ሆኖ በገበሬው እጅ ይገኛል። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ሁለቱም ሥራቸውን ያበላሻሉ። ከሕንፃ ፌሮ የተቀጠቀጠ ማረሻ ድንጋያማውን የደጋ መሬት ብዙ ሳይገፋበት ጫፉ ይዶለዱማል፤ በመሣሪያ ብረት የተሠራ ምሰሶ ደግሞ አንድ ቀን ምንም ሳያስጠነቅቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ በብረት መሸጫ ሱቆች ደጋግሞ የሚሰማው «ጠንካራው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምሞግትለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ለሕንፃ በሚሆን ብረት ላይ ዋጋ ሊሰጠው የሚገባው ዋነኛ ባሕርይ ከመሰበሩ በፊት መታጠፉና መለጠጡ ነው፤ የብርታት መሰላል የሚመስሉን የደረጃ ቁጥሮችና ፊደላትም በአብዛኛው የቆሙት ይህን ባሕርይ ለመጠበቅ ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ካርበን ነው፣ መጠኑም ከሚገመተው እጅግ ያነሰ ነው። 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ 10.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በውስጡ የተበተነው ካርበን ተለቅሞ ቢወጣ 25 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ አንድ ጭብጥ ከሰል አይሞላም። ንጹህ ብረት ልል ነው፤ አተሞቹ የተደረደሩባቸው ንብርብሮች በትንሽ ኃይል አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ካርበን ሲገባበት ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ካርባይድ የሚባል ጠጣርና ተሰባሪ ነገር ይፈጥራል። ይህ ካርባይድ በስስ ንጣፍ መልክ በልሉ ብረት መካከል እየተሰገሰገ መንሸራተቱን ይገታል። ንጣፉ በበዛ ቁጥር ብረቱ ይበረታል፣ ግን በዚያው ልክ ሊንሸራተት የሚችለው ልል ክፍል ይመነምናል። ካርበኑ 0.2 በመቶ ሲሆን ከብረቱ አራት እጅ ሦስቱ ልል ሆኖ ይቀራል፤ 0.8 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን ካርባይድ ያልተሰገሰገበት ቦታ አይኖርም። ከግማሽ በመቶ ብዙም በማይበልጥ ልዩነት አንድ ብረት የሚታጠፍ ምሰሶ ወይም የሚሰነጠቅ መቁረጫ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን ላይ የተለመዱትን ብረቶች ማስቀመጥ ይቻላል። የቤት ክዳን ቆርቆሮና የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ካርበናቸው ብዙ ጊዜ ከ0.1 በመቶ በታች ነው፤ በስሱ ሊዳመጡና ሊሳቡ የሚችሉትም ለዚህ ነው። አንግሉ፣ ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ የሼድ ቋሚውና ወራጁ በአብዛኛው ከ0.12 እስከ 0.22 በመቶ ውስጥ ይወድቃሉ። የማሽን ዘንግና ጥርስ ከ0.3 እስከ 0.5 ይደርሳል። የመኪና ባሌስትራ 0.5 ወይም 0.6 በመቶ ካርበን ይይዛል። በሰሜን ሸዋ ቆላ በኩል የሚያልፈው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ ባቡር ሐዲድን የመሰለ ሐዲድ በዓለም ዙሪያ የሚዳመጠው ካርበኑ ከ0.6 እስከ 0.8 በመቶ ከሆነ ብረት ነው፤ ሐዲድ የሺህ መንኮራኩሮችን ፍጭት መቻል አለበትና። ሁለት በመቶ ከታለፈ በኋላ ያለው ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ ይፈሳል እንጂ በመዶሻ አይቀጠቀጥም። ለምዕራፋችን የሚበጀው ጠባቡ ክልል፣ ከሩብ በመቶ በታች ያለው ነው፤ በዓለም ላይ ከሚመረተው ብረት ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ይኸው ዝቅተኛ ካርበን ያለው ወገን ነው።

አንድን የብረት ቁራጭ በላቦራቶሪ ማሽን ሁለት ጫፉን ይዘው ሲስቡት የሚሆነውን ማወቅ የደረጃዎቹን ቋንቋ ይፈታል። መጀመሪያ ላይ ብረቱ በጥቂቱ ይረዝማል፣ ሲለቁትም ወደነበረበት ይመለሳል። ጉተታው አንድ ልክ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ይሰጣል፤ መሐንዲሶች ይልድ የሚሉት ነጥብ ነው፣ ከዚህ በኋላ ቢለቁትም የረዘመው ረዝሞ ይቀራል። ጉተታው ከቀጠለ እየተለጠጠ፣ መሐሉ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ይበጠሳል። የአውሮፓው መለያ ኤስ 235 ሲል የይልድ ነጥቡ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 235 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 24 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት መሆኑን እየነገረን ነው። ኤስ 275 እና ኤስ 355ም በዚሁ መንገድ ይነበባሉ። በገበያችን በብዛት የሚታየው የቻይናው ኪው 235 ቁጥሩ ተመሳሳይ ትርጉም አለው። የአሜሪካው ኤ 36 ይልዱ 250 ነው። የጃፓኑ ኤስኤስ 400 ግን አንባቢን ያሳስታል፤ 400 የሚለው የሚበጠስበት ልክ እንጂ ይልዱ አይደለም፣ ይልዱ 245 ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ኤስኤስ 400ን ከኤስ 355 አስበልጦ ቢሸጥ ገዢው በቁጥሩ ተታሎ ደካማውን በውድ ገዛ ማለት ነው። ኪው 235፣ ኤስ 235፣ ኤ 36 እና ኤስኤስ 400 የአንድ ሠፈር ልጆች ናቸው፤ ስማቸው የአገራቸውን መለኪያ ይዞ መጣ እንጂ ለተራ ሕንፃ አንዱ በሌላው ቢተካ መሐንዲሱ በሒሳቡ አረጋግጦ ሊቀበለው ይችላል።

ቁጥሩ የሚናገረው ግን የታሪኩን ግማሽ ነው። ኤስ 235 እስኪበጠስ ድረስ ከርዝመቱ ሩብ ያህል መለጠጥ አለበት፤ ኤስ 355 ላይ ይህ ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። ለሐዲድ የሚሆነው ብረት የመበጠሻ ልኩ ከ880 በላይ ሆኖ ሳለ መለጠጡ 10 በመቶ ብቻ እንዲሆን ይፈቀድለታል። በጉልበት ከተመዘነ ሐዲዱ ከኤስ 235 እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ሼዱን ለምን በሐዲድ ብረት አንሠራውም? አንድ ሕንፃ ከታሰበለት በላይ ጭነት ሲደርስበት፣ ለምሳሌ ጎርፍ አንዱን መሠረት ሲያሰምጥ ወይም በበያጅ ስህተት አንድ መገጣጠሚያ ሲላቀቅ፣ የሚለጠጥ ብረት የተጨነቀውን ቦታ ትቶ ጭነቱን ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ ይጎብጣል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ሰው አይቶ ይወጣል። የማይለጠጥ ብረት ይህን ጊዜ አይሰጥም። ደንቦች ለዚህ ብርታትን በካርበን ከመግዛት ይቆጠባሉ፤ ኤስ 355 ከኤስ 235 የሚበረታው ካርበኑ በብዙ ስለጨመረ ሳይሆን ማንጋኒዝ ስለበዛበትና የአዳመጡ ሙቀት ስለተቆጣጠሩት ነው።

ዓለም ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዳግማዊ ምኒልክ ጥሪ አንኮበር የደረሰው በጥር 1871 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 መጀመሪያ ላይ ነበር። ያ የአውሮፓ ዓመት ሳያልቅ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ በስኮትላንድ የቴይ ወንዝ ላይ የተሠራው ረጅም የባቡር ድልድይ በማዕበል ሌሊት ባቡር እያለፈበት ወደቀ፤ ከተሳፋሪዎቹ የተረፈ አልነበረም። የድልድዩ ረጃጅም ቋሚዎች ከጊዛ የተሠሩ ነበሩ፤ ማገጃዎቹ የተያዙበት የጊዛ ጆሮም ነፋሱ ሲገፋው ሳይታጠፍ ተሰበረ። ንድፉም ሆነ ሥራው ብዙ ጉድለት እንደነበረበት በምርመራ ታውቋል፣ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በጊዛ ላይ መጫን አይገባም። ቢሆንም ጊዛ ለእነዚያ ጉድለቶች ምንም ይቅርታ አላደረገም። ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር እየነፋ ካርበኑን የሚያቃጥልበትን ዘዴ ካስመዘገበ ያኔ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በእርሱና በተከታዮቹ ዘዴ ብዙ ቶን ርካሽ ብረት ማምረት ተችሏል። ሆኖም መሐንዲሶች አዲሱን ብረት ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው፤ እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የኤፌል ግንብ እንኳ የተሠራው ካርበን የሌለው ያህል በሆነው በአሮጌው ልል ብረት ነው። ኢልግ የመጣው ዓለም ለግንባታ የትኛው ብረት ይሁን እያለ ገና በሚከራከርበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ ይነሳል። ኤስ 355 መለጠጡ ከኤስ 235 ብዙ ካልራቀና ብርታቱ በግማሽ ያህል ከበለጠ፣ ሁልጊዜ እርሱን መግዛት ብልህነት አይደለም ወይ? ብረት በኪሎ ይሸጣል፤ ብርቱው ብረት በትንሽ ኪሎ ያንኑ ጭነት ከተሸከመ ገንዘብ ይቆጥባል። ይህ ለአንዳንድ ሥራ እውነት ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ኮምቦልቻ እንደሚሄደው ያለ የከፍተኛ ኃይል መስመር ማማ ሲሠራ ዋነኞቹ እግሮች ከብርቱው፣ በመካከል የሚሰቀለሉት ቀጫጭን ማገጃዎች ከመደበኛው ብረት መሆናቸው የተለመደ ነው፤ ረጅም ድልድይም እንዲሁ። ችግሩ ግትርነት ከብርታት ጋር አብሮ አለማደጉ ነው። ብረት በጭነት ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚወስነው ቋሚ ቁጥር ለኤስ 235ም፣ ለኤስ 355ም፣ ለባሌስትራም፣ ለሐዲድም ያው 200 ሺህ ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም 200 ሺህ ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ስድስት ሜትር ወራጅ በኤስ 235 ሁለት ሳንቲ ሜትር ከጎበጠ፣ በዚያው ቅርጽና መጠን ከኤስ 355 ቢሠራም ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጎብጣል። ባለቤቱ በብርታቱ ተማምኖ ቀጭኑን ከመረጠ መጉበጡ ይብሳል፤ ኮርኒሱ ይሰነጠቃል፣ ወለሉ ሲረግጡት ይንቀጠቀጣል።

ቋሚም ላይ ታሪኩ ያው ነው። ቀጭንና ረጅም ቋሚ የሚወድቀው ብረቱ ተጨፍልቆ ሳይሆን ወደ ጎን ተቆልምሞ ነው፤ መቆልመሙን የሚገታው ደግሞ ግትርነቱና የቅርጹ ስፋት እንጂ የይልድ ቁጥሩ አይደለም። አራት ሜትር ቁመት ያለው ቀጭን ቱቦላሬ ለቆመበት ሱቅ ደረጃውን ከማሳደግ ይልቅ የቱቦላሬውን ጎን ማስፋት ወይም በመሃሉ ማገጃ መጨመር ብዙ ጥቅም ይሰጣል። ከ2,800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ የተንጣለለችው ደብረ ብርሃን ነፋሷ አይጣል ነው፤ ነፋስ ሰፊ የሼድ ጣሪያን ወደ ላይ ሲያነሳ ቀጫጭን አካላት በድንገት ከመሳብ ወደ መጨመቅ ይለወጣሉ፣ የሚቆለመሙትም ያኔ ነው። እሳትም የደረጃን ልዩነት አያከብርም፤ ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ሁሉም ዓይነት ግማሽ ያህል ብርታቱን ያጣል። ዝገትም እንዲሁ፣ የአንኮበር ጉም ያልተቀባ ኤስ 355ን ከኤስ 235 ለይቶ አይምርም።

ፌሮ ላይ ደግሞ ብርታት ሲበዛ ራሱ አደጋ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። በገበያችን ግሬድ 40፣ ግሬድ 60 እና ግሬድ 75 የሚባሉት ቁጥሮች ከአሜሪካ መለኪያ የመጡ ናቸው፤ በሜጋ ፓስካል 280፣ 420 እና 520 ይሆናሉ። አንድ ባለ 12 ፌሮ ግሬድ 40 ከሆነ 3.2 ቶን ገደማ ሲሳብ እጁን ይሰጣል፣ ግሬድ 60 ከሆነ 4.8 ቶን ይጠይቃል። በግሬድ 60 የታሰበ ምሰሶ በግሬድ 40 ቢሠራ ሲሦው አቅሙ እንደጠፋ ግልጽ ነው። በተቃራኒው ግሬድ 60 የተጻፈለት ወራጅ በግሬድ 75 ሲሠራ ሰው ሁሉ «ከታሰበው በላይ ጠነከረ» ብሎ ይደሰታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አገር ግን ደስታው ያለቦታው ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ መሐንዲሱ የሚፈልገው ወራጆቹ ጫፋቸው ላይ ቀድመው እጃቸውን ሰጥተው፣ እየታጠፉ ኃይሉን እንዲያደክሙትና ቋሚዎቹ ሳይነኩ እንዲቆሙ ነው። ወራጁ ከታሰበው በላይ ከበረታ አልታጠፍም ይላል፤ መታጠፉ ወደ ቋሚው ይዛወራል። ቋሚ ሲሰበር ደግሞ ከበላዩ ያለው ፎቅ ሁሉ ይወርዳል። መንቀጥቀጥን የሚመለከቱ ደንቦች ለፌሮ ብርታት ዝቅተኛ ብቻ ሳይሆን ከፍተኛ ገደብም የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።

ሰሜን ሸዋ ይህን ጉዳይ ችላ የሚልበት ምድር ላይ አልተቀመጠም። አንኮበር የቆመችው ደጋው ወደ አፋር ስምጥ ሸለቆ በሚናድበት ገደል ጠርዝ ላይ ነው፤ ገደሉን የፈጠረውም የመሬት ቅርፊት መሰንጠቅ ነው። በግንቦትና በሰኔ 1953 ዓ.ም. ከዚያ በስተሰሜን ካራ ቆሬ አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ፣ ካራ ቆሬን ክፉኛ ጎዳ፣ የደሴን መንገድ ሰነጠቀ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀው ንቅናቄ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከቤት አስወጥቷል። «የ1953ቱ ቤት ጭቃና ድንጋይ ነበር፣ ብረት ምን አገባው?» ሊባል ይችላል፤ ልክ ነው፣ ያኔ ብረት ጥፋትም ምስጋናም የለውም። ዛሬ ግን በእነዚያው ከተሞች የሚሠራው ባለ ፎቅ አርማታ ነው። የጭቃ ቤት ክብደቱ ትንሽ፣ ጣሪያው ቀላል ነው፤ የአርማታ ወለል ሲወድቅ እንደ ጭቃ ቤት አይማርም። በአርማታ ውስጥ ሊለጠጥ የሚችለው ብቸኛው ነገር ደግሞ ፌሮው ነው።

ከቁጥሩ ኋላ የሚመጣው ፊደል ከሁሉ የተረሳ ነው። ኤስ 235 ጄአር፣ ኤስ 235 ጄ0፣ ኤስ 235 ጄ2 ይባላል፤ በቻይናው ኪው 235 ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ሆኖ ይጻፋል። ፊደሉ የሚነግረን ብረቱ በስንት ዲግሪ ቅዝቃዜ ተመትቶ እንደተፈተነ ነው፤ ጄአር በ20 ዲግሪ፣ ጄ0 በዜሮ፣ ጄ2 ከዜሮ በታች 20 ላይ። የቻይናው ቢ፣ ሲ እና ዲም በቅደም ተከተል እነዚህኑ ሙቀቶች ይከተላሉ፣ ኤ ግን የምት ፈተና አይጠየቅበትም። ዝቅተኛ ካርበን ያለው ብረት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ በክፍል ሙቀት ሲመቱት የሚታጠፈው ብረት ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ ሊሰበር ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ከ2,700 በላይ ሊበርቲ የሚባሉ የጭነት መርከቦችን በችኮላ እየበየደች ስትሠራ ብዙዎቹ ላይ ስንጥቅ ታየ፤ በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ሽኔክታዲ የምትባል ሌላ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በፀጥተኛ ውሃ ላይ ወደብ ዳር እንደቆመች በቀዝቃዛ ሌሊት ለሁለት ተሰነጠቀች። ሰው ሁሉ ጣቱን በበያጆቹ ላይ ሲቀስር፣ የካምብሪጇ ተመራማሪ ኮንስታንስ ቲፐር ብረቱ ራሱ ከተወሰነ ሙቀት በታች ተሰባሪ እንደሚሆን አሳየች። ብየዳው ስንጥቁ ሳይቋረጥ ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው የሚሮጥበትን መንገድ ከፈተ እንጂ ብቻውን ጥፋተኛ አልነበረም።

ታዲያ ደብረ ብርሃን ላይስ? በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከአገሪቱ ቀዝቃዛ ከተሞች አንዷ ናት። ጄአር ግን የተፈተነው በ20 ዲግሪ ነው። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፣ ድንጋጤው ግን ልኩን ያልፋል። የመሰበር ጠባዩ ከውፍረት ጋር ይሄዳል፤ ስስ ላሜራ ወደ ጎን የመጥበብ ነፃነት ስላለው ከወፍራሙ ይልቅ በብርድም ይለጠጣል። የአውሮፓው ደንብ ሰንጠረዥ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለኤስ 235 ጄአር እንኳ በሳንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ውፍረት ይፈቅዳል። የአካባቢው ሼድና ሱቅ የሚሠራበት ባለ 3፣ ባለ 6፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብረት ከዚያ በብዙ ያንሳል። ፊደሉ ዋጋ የሚኖረው ለወፍራም የድልድይ ላሜራ፣ ለከባድ ማንሻ መሣሪያ፣ ሌሊት ሜዳ ላይ ለሚያድር ትልቅ ታንከር ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ በብርድ መሰበርን ከሚያብሱት ነገሮች አንዱ ፎስፈረስ ነው፤ ቁርጥራጭ ብረትን በኢንዳክሽን ምድጃ ብቻ አቅልጦ ማፍሰስ ደግሞ ፎስፈረስን አያጠራም። አገራችን ከማዕድን ጀምራ ብረት አታወጣም፤ በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ መስመር ያሉት ፋብሪካዎች የሚያዳምጡት ከውጭ የመጣ ቢሌት ወይም ከቁራሌው የተሰበሰበ ቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጭ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ጥራቱ የሚወሰነው ሲለቀምና ሲቀልጥ ማን ኬሚስትሪውን እንደለካው ነው። የካርበኑ ልክ ከተጠበቀ ሁሉም ደህና ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ብየዳም ለዝቅተኛው ካርበን የሚሟገት ምስክር ነው። በያጅ ኤሌክትሮዱን ሲያሳርፍ የነካው ቦታ ይቀልጣል፣ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ሙቀቱን በሰከንዶች ውስጥ መጥጦ ያቀዘቅዘዋል። ይህ አንጥረኛ የጋለ መጥረቢያን ውሃ ውስጥ እንደሚነክረው ነው። ካርበኑ 0.2 በመቶ ሲሆን ከዚህ ድንገተኛ ቅዝቃዜ የሚመጣው ጥጥረት አነስተኛ ነው። 0.5 በመቶ ሲደርስ ግን በብየዳው ዳርና ዳር ክው ያለ ቀጭን ክር ይፈጠራል። መሐንዲሶች ካርበኑን፣ ማንጋኒዙንና ሌሎቹን ደምረው አንድ የካርበን ቁጥር ያወጣሉ፤ ለኤስ 235 ከ0.35፣ ለኤስ 355 ከ0.45 እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ከዚያ በላይ ያለው ከመበየዱ በፊት መሞቅ አለበት። ከጣርማ በር ቁልቁለት የመጣ የከባድ መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ በቅንፍ መልክ ከሼድ ቋሚ ጋር ሲበየድ ብየዳው ያማረ ይመስላል፤ ስንጥቁ ግን ከብየዳው አጠገብ፣ አንዳንዴም ሥራው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ይጀምራል። በውርጭ ማለዳ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የቀዘቀዘው ብረት ነገሩን ያፋጥነዋል።

ያንኑ ባሌስትራ የገጠር ቀጥቃጭ ሲያገኘው ግን ወርቅ አገኘ። ወናፉን እያስነፋ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ጫፉን ብቻ ውሃ ነክሮ ማረሻ ወይም መጥረቢያ ያደርገዋል፤ ለሕንፃ መርዝ የሆነው 0.5 በመቶ ካርበን ለስለት የግድ ነው። ጫፉን ብቻ መንከሩም ጥበብ ነው፤ የሚቆርጠው ጠጣር፣ እጀታው የሚገባበት ወገን ልል ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል። ይህ በአንድ ብረት ላይ ሁለት ደረጃ የመፍጠር ዕውቀት ነው። የዛሬው ፌሮ ፋብሪካም በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ከመዳመጫው የወጣውን ቀይ ፌሮ ላዩን በውሃ አጥምቆ ልጣጩን ያጠጥራል፣ የውስጡ ሙቀት ወደ ውጭ እየወጣ ልጣጩን መልሶ ያለሰልሰዋል፣ ልቡም የሚለጠጥ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ፌሮ ካርበኑ ሳይጨምር 500 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። በጋዝ ነበልባል አግሎ ማጠፍ ግን ያንን ልጣጭ ያጠፋዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የከለከሉበት አዋጅ ቢወጣም፣ ቀጥቃጩ ከዕውቀቱ ይልቅ በ«ቡዳ» ስሙ ሲታወቅ ኖረ፤ ስለ ብረት ጠባይ በአገሩ ብዙ የሚያውቀው ሰው እርሱ እንደነበረ ግን አያከራክርም።

የመጨረሻው መቃወሚያ ኪስ ላይ ያነጣጠረ ነው። ለሁለት ፎቅ ቤት ማን ላቦራቶሪ ይሄዳል? ሰርተፍኬትስ ማን ይጠይቃል? «ጥርጣሬ ካለ ፌሮ መጨመር ነው» የሚለው የሠፈር ምክር ከዚህ ይመጣል። ምክሩ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ያልታወቀ ብረት ሲበዛ ያልታወቀነቱ አይቀንስም፣ የታጨቀ ፌሮ ደግሞ አርማታው በመካከሉ እንዳይገባ ያግዳል። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ማጣሪያዎች ግን አሉ። የመጀመሪያው ሚዛን ነው። 12 ሜትር ባለ 8 ፌሮ 4.7፣ ባለ 10 ፌሮ 7.4፣ ባለ 12 ፌሮ 10.7፣ ባለ 16 ፌሮ 19 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን አለበት፤ ለባለ 10ና ለባለ 12 የሚፈቀደው ጉድለት 6 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ10 ኪሎ በታች የወረደ ባለ 12 ቤርጋ ደረጃው ምንም ይሁን ምን ያልሞላ ነው። በካሊፐር ሲለካ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ «ባለ 12» 16 በመቶ አቅሙን ሳይታይ አጥቷል፣ ይህም በግሬዶች መካከል ካለው ልዩነት የማይናቅ ድርሻ ነው። በጎድጓዳው ላይ የተዳመጠውን የፋብሪካ ምልክትና የግሬድ ቁጥር ማየትም ነፃ ነው። ላሜራና አንግል ላይ ምልክቱ በቀለም ስለሚጻፍ ተቆርጦ ሲሸጥ ከቁራጩ ጋር አይሄድም፤ ከፍተኛ ጭነት ለሚይዝ ቁራጭ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትን በመሰለ ቦታ ማስፈተን የሚገባውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማጣሪያ በየሳይቱ ያለ ነገር ግን ማንም ፈተና ብሎ የማይቆጥረው ነው። የፌሮ ደረጃዎች ቀጭን ፌሮ ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ በሆነ ድብልብል ዙሪያ 180 ዲግሪ ሲታጠፍ በውጭ ጎኑ ስንጥቅ እንዳይታይበት ይጠይቃሉ። ፌራዮ ስታፋ ሲያጥፍ በቀን መቶ ጊዜ ለዚህ የቀረበ ነገር ያደርጋል። መታጠፊያው ላይ በውጭ በኩል ስንጥቅ ካየ፣ ወይም ፌሮው ጠብ ብሎ ከተሰበረ፣ የዚያን ዕለት የመጣውን ጭነት በሙሉ ለይቶ ማቆም ይገባዋል፤ ስታፋውን ጥሎ ሌላ ማጠፉ አይበቃም። ያው ፌሮ በቋሚው ውስጥም ቆሟልና። አንድ ጊዜ የታጠፈን ፌሮ አቃንቶ መልሶ ማጠፍ ግን ፈተና ሳይሆን ጉዳት ነው፤ የመለጠጥ አቅሙ ከፊሉ በመጀመሪያው መታጠፍ ተበልቷል፣ በተለይ በውርጭ ማለዳ ሲቃና የሚሰነጠቀው ያ ነው።